የፕሮፌሰር ያፌት ተወካይ

የሰደበኝ ፕሮፌሰር ያፌት ጌታነህ ነው። ቀኑ ሰኔ 12 ቀን 2049 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት፣ ምሳው ተነሥቶ ጠጁ ሲቀዳ። ቦታው ጭላዳ አምባ ላይ ያለው የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ አዳራሽ ነው። ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ብርሌውን በግራ እጁ ይዞ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። አንቱ የምለው ፊቱ ስቆም ብቻ ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ እሱ ነው።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት እንግዳ በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ «እሳቸውስ ማን ናቸው?» አለችው።

«ሹፌራችን ነው፤ አስማረ።»

«መኪኖቹ ራሳቸውን አይነዱም እንዴ?»

«ይነዳሉ እንጂ። ሕጉ ግን ከመሪው ኋላ ሰው ይቀመጥ ይላል። ስለዚህ አስማረ ይቀመጣል» አለ። ጠጁን ጎንጨት አደረገና ጨመረበት፤ «ሕጉ ክብደት ብቻ ቢል ኖሮ ጆንያ ጤፍ ነበር የምናስቀምጠው። ጤፉስ ኋላ ይበላል።»

አዳራሹ ሳቀ። የሚስቴ ወንድም ታምሬ የዚያን ዕለት ጠጅ ቀጂ ነበር፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁንም ይዞት ከተማ ወረደ። ሳይመሽ ጆንያ ተባልኩ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ጆንያ ነኝ። ትልቋ ልጄ ስትዳር የሙሽራው አክስት «ከማን ቤት ነው የምታመጧት?» ሲሏት «ከጆንያ ቤት» ብላ ስትመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያፌት ግን ያን ቀን ስለ ሰማይ ሲናገር ዋለ፣ ተጨበጨበለት፣ ሽልማቱን ታቅፎ ተኛ።

ለምን እንደተጨበጨበለት ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እንደገባኝ ነው የምናገረው። ሰማዩ እየሰፋ ነው። ከዋክብት በየጭፍራቸው ከእኛ ይሸሻሉ፤ በሸሹ ቁጥርም ሽሽታቸው ይፈጥናል። የሚገፋቸውን ነገር አይቶት የሚያውቅ የለም። ስላላዩት ጽልመታዊ ኃይል ብለው ስም አወጡለት። እኔ ላላየሁት ነገር ስም ባወጣ ማንም አያጨበጭብልኝም፤ ይሁን። ያፌት ዕድሜውን ሙሉ ይህንን ገፊ ሲከታተል ኖሮ በመጨረሻ «ገፊው እየደከመ ነው» አለ። አንድ ቀን ይቆማል፤ ከዚያ የሸሸው ሁሉ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሰው ይህን ነገር ወደደው። ሰባኪው ወደደው፣ ዘፋኙ ወደደው፣ ልጁ አረብ አገር የቀረበት ሁሉ ወደደው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ጠዋት ተሰልፈው «የሄደው ይመለሳል» እያሉ ይዘምሩታል።

በዓመቱ ተወካይ ተሠራለት። ያኔ ተወካይ የሚሠራው ለትልልቅ ሰው ብቻ ነበር። ድምፁን፣ ፊቱን፣ የተናገረውን፣ የጻፈውን፣ የየአዳራሹ የካሜራ ዓይኖች ያዩትን ሁሉ ሰብስበው ሌላ ያፌት አበጁ። ያ ያፌት ያኔ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬም አርባ አምስት ነው። ጉንፋን አይዘውም። በሺህ ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ያስተምራል። በሥጋ ያለው ያፌት በመጀመሪያ ማስተማሩ ቀረበት፣ ቀጥሎ ጣቢያው ቀረበት፣ ከዚያ ስልኩም መጮኽ ተወ። ጠያቂ ሁሉ ወደ ወጣቱ ይሄዳል። ወጣቱ ፈጥኖ ይመልሳል።

አሁን ተወካይ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከሥራ ግን ቀርተው አያውቁም። ጠዋት «ደኅና አደራችሁ» ይላሉ፣ አቤቱታ ይሰማሉ፣ እንደ ድሯቸው «ነገ ተመለስ» ይላሉ። በእድራችን አባላቱ ሲቆጠሩ ሙታን ይበልጣሉ። ድንኳኑ ይታደስ ተብሎ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር ይወድቃል፤ የሞተ ሰው ዝናብ አይነካውም። ባለፈው በአቶ ደሴ ቀብር ዝናቡ በድንኳኑ ቀዳዳ እየገባ ሐዘንተኛውን ሲያበሰብሰው፣ ሟቹ አቶ ደሴ ራሳቸው በተወካያቸው «ድንኳኑ ደኅና ነው፣ አታካብዱ» ሲሉ ተቀምጠን አደመጥን። ማንም አልሳቀም። ለምደነዋል።

እኔ ተወካይ የለኝም። ሊሠሩልኝ መጥተው ነበር፤ «ማን ሊሰማው?» ብዬ መለስኳቸው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጠዋት እትዬ ሶልያና ቤቴ ድረስ መጡ። የያፌት ታናሽ እህት ናቸው፤ አብረውት ይኖራሉ፣ ያስታምሙታል።

«አስማረ፣ ያፌት ይፈልግሃል» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«የትኛው?» አልኩ።

ባለቤቴ ብርቄ ከጓዳ ሳቋን ስታፍን ተሰማኝ። እትዬ ሶልያና አልሳቁም።

«ወንድሜ ነዋ! በሥጋ ያለው።»

ከዚያ ነገሩን ዘረገፉት። ሽማግሌው ያፌት ተሳስቶ ኖሯል። ስሕተቱን ያገኘው ራሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቤቱ ተቀምጦ የጥንት ሥራውን ሲያገላብጥ። ገፊው አልደከመም። የሄደው አይመለስም። ይህን ልናገር ብሎ ቢነሣ ሰሚ አጣ።

«ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወለ» አሉ። «ማን ያነሣው መሰለህ? ራሱ! ‹ፕሮፌሰር፣ ደክመዋል፤ ቢያርፉ ይሻላል› አለው በገዛ ድምፁ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ደርቆ ቀረ። በሰው ይሰደባል እንጂ ሰው በራሱ ይናቃል?»

ሕጉ እንዲህ ነው። ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ከተወካዩ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው የተወካዩ ቃል ነው፤ የሽማግሌው ቃል የዕድሜ ድካም ይባላል። ይህ የሚሻረው ተወካዩ ሳይሠራ በፊት ሰውየውን በሥራ የሚያውቅ ሕያው ሰው ቀርቦ «ያፌት ይህ ነው፤ አእምሮው አልተነካም» ብሎ ሲመሰክር ብቻ ነው። ተወካይ ምስክር አይሆንም። ዘመድም አይሆንም። የጣቢያው ሰዎች ደግሞ አልቀዋል።

«በመስከረም ትምህርቱ ይታሸጋል» አሉ እትዬ ሶልያና። «ከታሸገ ወዲያ ማንም አይከፍተውም። እሱ ውሸቱን በስሙ ይዞ ይሞታል፤ ልጅ የልጅ ልጅ ይዘምረዋል። እንቅልፍ አጥቷል አስማረ። ካንተ በቀር ማንም የለንም።»

ካንተ በቀር። ቃሉን አፌ ውስጥ አላመጥኩት። ምን ልዋሽ፣ ጣፈጠኝ።

«ራሳቸው ናቸው ጥሩልኝ ያሉት?»

«ራሱ።»

«በስሜ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «‹ያ ሹፌር አለ አይደል› ነው ያለው» አሉ በመጨረሻ። መዋሸት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

ከሄዱ በኋላ ብርቄ ተነሣችብኝ። «ሂድና መስክርለት አንተ ሰውዬ! ሠላሳ ዓመት አንዲት ስድብ ታቅፈህ ቁጭ! ዶሮ እንኳ ይሄኔ ስንቱን ፈልፍላለች።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ኤዲያ! የተወጋ ወግቶ አያውቅም? ለሱ ብለህ አይደለም፤ ሕፃናቱ ውሸት ከሚዘምሩ።»

ሄድኩ። ለሕፃናቱ ይሁን ለዚያች «ካንተ በቀር» ለምትል ቃል፣ አላጣራሁትም።

የቃል ማረጋገጫ ቢሮ ያለው በወረዳው ከተማ ነው። መኪናዋ ያፌትን፣ እትዬ ሶልያናንና እኔን ጭና ወረደች። ከመሪው ኋላ ማንም የለም፤ ያ ሕግ ከተሻረ ቆይቷል። ወንበሩም ተነቅሏል፤ እዚያ ቦታ አሁን ዕቃ ይጫናል። ያፌት ጎኔ ተቀምጧል። የለበሰው ኮት ውስጥ ሌላ ትልቅ ሰው ኖሮበት የወጣ ይመስላል። ሰውነቱ አርጅቷል፤ አፉ ግን አላረጀም።

«አቧራ ነው፣ አስማረ» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። «መሃል ላይ ያለ አቧራ። ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን አደበዘዘው፤ እኔ ገፊው የደከመ መሰለኝ። መስታወት ላይ ያለን እድፍ ፊቱ ላይ መስሎት ጉንጩን ሲፈትግ እንደሚውል ሰው! ዕድሜዬን ሙሉ ጉንጬን ፈተግኩ።»

«እንግዲያ የሄዱት አይመለሱም?»

«አይመለሱም። ይርቃሉ፣ ይርቃሉ፤ በመጨረሻ የአንዱ ብርሃን ለሌላው አይደርስም። ሁሉም በየራሱ ጨለማ ብቻውን ይቀራል።» ይህን ሲል አላዘነም። ሰው የጠፋ ቁልፉን ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነበር። «ደስ አይልም። ደስ ቢልማ ማን ይከራከረኝ ነበር? መኪናዋ ምን ሆና ነው የምትንቀረፈፈው? አንቺ ደደብ፣ መንገዱ ባዶ ነው!»

ቢሮው ውስጥ ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ አድማጭ የሚሏት ነገር ተቀምጣለች፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ብታክል ነው። ፊቷ ትቀመጣለህ፣ ትናገራለህ፣ ትሰማሃለች። የሴት ድምፅ አላት፤ አትቸኩልም፣ አትቆጣም።

«ከጎንዎ የተቀመጡት ሰው ያፌት ጌታነህ ናቸው?»

«ናቸው።»

«በምን አወቁ?»

«ሰው ሲያናግሩ ዓይን አያዩም። ከራስ በላይ ነው የሚያዩት። ያኔም እንዲያ ነበሩ።»

እትዬ ሶልያና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አእምሯቸው የተነካ ይመስልዎታል?»

«ምን ሆኖ! ስንመጣ መኪናዋን እንኳ እንደ ድሯቸው ሲሰድቧት ነበር።»

ያፌት ፈገግ አለ። አድማጯ ቀጠለች።

«በመካከላችሁ ቂም አለ?»

«የለም።»

«ቂም አለ» አለች፤ ድምጿ ቅንጣት አልተለወጠም። «ቂም ያለበት ሰው ምስክር አይሆንም። ታርቃችሁ ተመለሱ።»

«እኔ እኮ የምመሰክረው ለእሳቸው ነው! ደመኛ ሲመሰክርልህ ይበልጥ አይታመንም እንዴ?»

«ታርቃችሁ ተመለሱ።»

ክርክር የለም። ከእሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር እንደመከራከር ነው። ወጥተን ደጁ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ ያፌት።

ያሾፈ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ አላሾፈም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢያንስ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የሚያስታውሰው ይመስለኝ ነበር። አልፎ አልፎ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ሸክክ ይለው ይሆናል ብዬ ነበር። ነገርኩት። ቀኑን፣ ኮቱን፣ ብርሌውን፣ የአዲስ አበባዋን ሴት። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠኝ፤ ስጨርስ የከንፈሩ ጠርዝ ተነቃነቀ።

«‹ጤፉስ ኋላ ይበላል›» ብሎ ደገመው። «የኔ ነገር ይመስላል። አላስታውሰውም፤ ግን ብለኸኛል ካልክ ብያለሁ።»

ከኔ ጋር ሲያረጅ የኖረውን ነገር እሱ አያውቀውም። እንዲህ ያለው ሰው ምን ይባላል?

ክረምቱ በዚሁ ገባ። ለመታረቅ አስታራቂ መፈለግ አለ፣ ቀን መቁረጥ አለ፣ ያፌት ደግሞ ሳንባውን ታሞ ተኛ። በዚህ መሃል ለጉዳይ ስወጣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ማለፍ አለብኝ። አንድ ጠዋት ወጣቱ ፕሮፌሰር በክፍሉ ግድግዳ ሙሉ በምስል ቆሞ የክረምት ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። ግራጫ ኮት ለብሷል። አንዱ ተማሪ ምን እንደጠየቀው አልሰማሁም፤ ያፌት ግን ቀልድ መለሰለት፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እዚያው አጥሩ ሥር እጄ ቡጢ ሆኖ አገኘሁት። ሽማግሌው ጎኔ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያወራ እንዲህ አልሆንኩም። ይህን ለብርቄም አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ነሐሴ ሲጋመስ ጋሽ ኤልያብ ቀን ቆረጡ። በአካባቢያችን በሥጋ ያሉ አስታራቂ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጓደኛቸው አቶ ባዩ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ከጋሽ ኤልያብ የደረት ኪስ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ «እሱስ ልክ ነው» ይላሉ። ስድቡ በተሰደበበት ቦታ ይታረቁ ተባለና ጭላዳ አምባ ወጣን።

ጣቢያው አሁን ሰው የለበትም። መመልከቻው ራሱን ከፍቶ ያያል፣ ያየውን ለመሰሎቹ ይነግራል። ግቢውን ጭላዳዎች ወርሰውታል፤ ሣር እየነጩ ተቀምጠው ነበር፤ ስንገባ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቀጠሉ። ጋሽ ኤልያብ አግዳሚ አስወጡ። አድማጯን ከአንዱ ጫፍ አስቀመጡ፣ ከሌላው ጫፍ ደግሞ አንድ ጥቁር ሣጥን።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ያፌት።

«አንተው ነህ» አሉ ጋሽ ኤልያብ። «በሕግ እሱም ያፌት ነው። እሱ ያልተገኘበት ዕርቅ ግማሽ ነው ብለውኛል፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?»

«ዝም ብሎ ይስማ እንግዲህ።»

«እሰማለሁ» አለ ሣጥኑ። ያው የዚያን ቀን ድምፅ። ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ።

ልማዱ ይህ ነው፤ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይወድቃል፤ ይቅር እስኪባል ድንጋዩን አያወርድም። እትዬ ሶልያና የጡጫ ያህል ድንጋይ ለቅመው ሰጡት። ያፌት አየት አድርጎ ወረወራት። «ይቺማ ጠጠር ናት፤ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» አለ። ራሱ ሄዶ ከአጥሩ ሥር የወፍጮ መጅ የሚያህል አነሣ። ጋሽ ኤልያብ «ኧረ ተው!» ቢሉት አልሰማም። ማጅራቱ ላይ አደረገውና እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከ።

«አስማረ። አጥፍቻለሁ። አፉ በለኝ።»

ጋሽ ኤልያብ ወደ እኔ ዞሩ። «ለሽበታችን ስትል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። በል ልጄ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

«ቂም አለ» አለች አድማጯ።

«ከልብህ በለው እንጂ!»

«ከልቤ ነው ጋሽ ኤልያብ።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ አቶ ባዩ ከኪሱ ውስጥ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይቅር ብያለሁ። ትቼዋለሁ።»

«ቂም አለ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈልጌ ነበር። የያፌት አንገት ጅማቱ ተገትሯል፤ ከጆሮው ኋላ ላብ ይወርዳል፤ ሲተነፍስ ሳንባው ያፏጫል። የማያሳዝነው ሰው የለም። አሳዘነኝም። ግን ማዘን ሌላ፣ መተው ሌላ ሆነብኝ። እጅህን ዘርጋ ቢሉህ ትዘረጋለህ፤ ልብህን ዘርጋ ሲሉህ በየት በኩል ይዘረጋል? ያቺ ነገር ደግሞ አፌን ትታ ልቤን ነው የምታዳምጠው።

ያፌት ከሥር ሆኖ ሊረዳኝ ሞከረ። «ምን ነበር ያልኩህ? ጆንያ… ጆንያ ስንዴ?»

«ጤፍ።»

«አዎ፣ ጤፍ። ጤፍ ብዬ በድዬሃለሁ።»

«ቂም አለ» አለች አድማጯ፤ እኔ ምንም ሳልናገር።

እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ማልቀስ ጀመሩ። «አንድ ጊዜ ብቻ አስማረ! ለኔ ስትል፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ምን ልበላቸው? ያቺ አንድ ጊዜ በእጄ አይደለችም።

«ጋሽ ኤልያብ፣ ይፈቀድልኝ» አለ ሣጥኑ።

ጋሽ ኤልያብ ግራ ገብቷቸው ሽማግሌውን አዩት። ሽማግሌው ድንጋዩ ስለከለከለው ቀና ማለት አልቻለም። «ይናገር፣ ይናገር፤ ብቻ ይለቅ» አለ።

«አስማረ» አለኝ ወጣቱ ያፌት። «በሩ አጠገብ ቆመህ ነበር። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰሃል፤ አዲስ ነው፣ የመታጠፊያው መስመር ገና አልለቀቀም። ለዚያ ቀን ብለህ የገዛኸው ይመስለኛል። ‹ጤፉስ ኋላ ይበላል› ካልኩ በኋላ ወደ አንተ አየሁ። ሁሉም ሲስቅ አንተም ሳቅክ። ያን ሳቅ አይቼዋለሁ። ከዚያ ብርሌዬን አስሞላሁ እንጂ ወደ አንተ አልመጣሁም። በድዬሃለሁ። የበደልኩህ በቀልዱ ብቻ አይደለም፤ ሳቅህን አይቼ ዝም በማለቴ ነው።»

መሳቄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለብርቄም። ታምሬ ሳቀብኝ ብዬ ሠላሳ ዓመት አኩርፌዋለሁ፤ እኔም አብሬ መሳቄን ግን ከራሴም ደብቄው ነበር። ያየኝ ሰው ነበር ለካ። አንድ ሰው አይቶኝ ነበር።

አፌን አልከፈትኩም። ደረቴ ውስጥ ግን እንደ ቆየ እባጭ የፈነዳ ነገር ነበር፤ ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ።

«ቂም የለም» አለች አድማጯ።

እትዬ ሶልያና እልል ሊሉ እጃቸውን አነሡ። «ተመስገን! በቃ፣ አሁን ይመስክርለታል!»

«ምስክሩ መስክሯል» አለች አድማጯ። «በደሉ የያፌት ጌታነህ ነው። ምስክሩ ከቀረቡት ሁለቱ ለይቶ፣ በደለኛውን አውቆ፣ ይቅር ብሏል። ማንነቱ ጸንቷል። ትምህርቱ ይታሸጋል።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ለጋሽ ኤልያብ ከኔ ቀድሞ ገባቸው። ቂሜ ከያፌት ጋር ነበር። ይቅር ያልኩት ሣጥኑን ነው። እንግዲህ ያፌት ሣጥኑ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! እንደገና ይባል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ኤልያብ። «ሰውየው አላወቀም! ማነሽ፣ ስሚ እንጂ!»

«ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ አቶ ባዩ።

«አመሰግናለሁ አስማረ» አለ ወጣቱ ያፌት። በድምፁ ክፋት አልነበረበትም። አስቦበት ይሁን ሳያስብ አላውቅም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም። ሣጥኑ ጸጥ አለ፤ የሚያስተምርበት ሰዓት ደርሶ ይሆናል።

እትዬ ሶልያና እጃቸው እንደተነሣ ቀረ። ሽማግሌው ድንጋዩን አላወረደም። ይቅር የተባለው እሱ አይደለማ፤ ልማዱን ደግሞ ያውቃል። እርጥቡ ሣር ላይ እንደተንበረከከ፣ ራሱን በግድ ጠምዝዞ ወደ እኔ አየ። ከራስ በላይ አይደለም ያየው፤ ዓይኔን ነው ያየው።

«አስማረ» አለኝ። «እኔንስ?»

ልቤን ፈተሽኩት። ለዚህ ሰው የያዝኩት ቂም የለም። የምሰጠው ይቅርታም የለም። ፊቴ ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ፣ ሳንባው የሚያፏጭ፣ ስለ እኔ ምንም የማያስታውስ ሽማግሌ ነው። እውነቱን የያዘው ደግሞ እሱ ነው።

«መልስለት እንጂ!» አሉ ጋሽ ኤልያብ። «ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እየጠየቀህ! አስማረ!»

ባርኔጣዬን ከአግዳሚው አነሣሁ። በጭላዳዎቹ መሃል አልፌ ከግቢው ወጣሁና ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።